ምዕራፍ ስድስት፦ ነጋዴው በኬላው ፊት

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በጋሳይና በክምር ድንጋይ አድርጎ ነፋስ መውጫ የሚገባው፣ ከዚያም ጨጨሆን አልፎ በጋሸና በኩል ወልድያ የሚወርደው አውራ ጎዳና በአገሩ ሰው አፍ «የቻይና መንገድ» ይባላል። ርዝመቱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ውሉ የመጣው አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ፔኪንግ ሄደው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው፤ ቻይናዎቹ ገደሉን ሰንጥቀው ሥራውን የፈጸሙት ግን ንጉሡ ከወረዱ በኋላ በደርግ ዘመን ነበር። ዛሬ ነፋስ መውጫ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው የጎጃም በቆሎና ጤፍ ወደ ምሥራቅ ሲያልፍ፣ የላይ ጋይንት ድንችና በግ ወደ ምዕራብ ሲወርድ ይመለከታል።

ንግዱ ግን ከአስፋልቱም ከጠጠሩም በፊት የነበረ ነው። ከጉና ተራራ ጀምሮ እስከ ወድላ የሚዘልቀው ደጋ፣ ቤጌምድርን ከላስታና ከወሎ የሚያገናኝ የቅፍለት መሄጃ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነስተው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ መቅደላ ለመድረስ ወራት የፈጀባቸው በዚሁ በጨጨሆ ገደል ነው፤ ወታደሩ እየቆፈረ፣ እሳቸውም አብረው ድንጋይ እያነሱ መንገድ አበጁ። ለመድፍ የሚሆን መንገድ እስከዚያ ቀን አልነበረም። ለአህያና ለበቅሎ የሚሆነውን ግን ሲራራ ነጋዴው ከብዙ ትውልድ በፊት ያውቀው ነበር።

በዚህ ምዕራፍ፣ አልፎ አልፎ ከቻይና ጋር እያነጻጸርሁ፣ የምከተለው ጥያቄ አንድ ነው። ነጋዴው በዚህ አገር ገንዘብ ነበረው፤ ወሬ ነበረው፤ ከምጽዋ እስከ እናርያ የሚያውቀው ሰው ነበረው። ታዲያ በመንግሥትና በኅብረተሰቡ ላይ ምን ያህል ጉልበት አገኘ? እኔ ያገኘሁት መልስ ከኬላው ጋር የተያያዘ ነው። በሩን የያዘው ነጋዴው ሆኖ አያውቅም። የራሱን ጉልበት ባገኘ ቁጥርም ያገኘው ነጋዴነቱን ትቶ በር ጠባቂ በመሆን ነው። ለዚህ ደግሞ ትልቁን ዋጋ የከፈለው ነጋዴው ራሱ ሳይሆን እንደ ጋይንትና ስማዳ ያለው፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት ከሌላ አገር እህል የሚጠብቀው ገበሬ ነው።

ከጨው እንጀምር። አሞሌ ከአፋር ቆላ፣ ከአርሆ ሜዳ ተፈልፍሎ፣ በመቀሌና በሰቆጣ በኩል ወደ ደጋው ይገባ ነበር። የመሳያ ድንጋይ የሚመስል፣ ከስንዝር ብዙም የማይዘል፣ መሐሉ ወፈር ጫፎቹ ቀጠን ያሉ ቁራጭ ነው። እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል። ክረምት ሲሆን እርጥበት እንዳያቀልጠው ባለቤቱ ጢስ በሚያገኘው ከምድጃ በላይ ባለ ቦታ ያኖረዋል። ተቀባዩ ያገላብጠዋል፣ ጠርዙ የተሸረፈ እንደሆነ ዋጋውን ይቀንሳል፣ የተሰበረውን ጭራሽ ለወጥ ካልሆነ በቀር አይቀበልም። በ1500ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ፣ ጨው በሚቆረጥበት አካባቢ በመቶ የሚቆጠር አሞሌ የሚገዛው ወርቅ ወደ ንጉሡ ከተማ ሲደርስ ጥቂት አሞሌ ብቻ እንደሚያገኝ ጽፏል። ይህን ያደረገው ርቀቱ ብቻ አይደለም። በየመንገዱ ያለው ቀረጥ ነው፣ ሽፍታው ነው፣ የሞተው አህያ ነው።

ከአሞሌው ጎን የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ይሄድ ነበር። 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ይህ የኦስትሪያ ብር ከ28 ግራም ትንሽ ይበልጣል። የቤጌምድር ገበሬ በሬውን ሸጦ ሲቀበል ብሩን ወደ ፀሐይ አዙሮ ያየዋል፤ የንግሥቲቱ የራስ ጌጥና የትከሻዋ ዕንቁ ነጥቦች ያልደበዘዙ፣ ከሥሯ ያሉት ፊደላት የጎሉ ካልሆኑ ይመልሰዋል። ነጋዴው ያልተማረ ገበሬ አታሎ ያልፋል የሚለው ሐሜት በዚህ ረገድ ውኃ የሚቋጥር አይደለም፤ ሻጩም ገዢውም ዓይናቸው የተገራ ነበር። 1,000 ጠገራ ብር 28 ኪሎ ይመዝናል፤ በቅሎው ተሸክሞት የሚሄደው ሀብት ራሱ ለዘራፊ የሚጮህ ነው። በተመሳሳይ ዘመን በሰሜን ቻይና በፒንግያዎ ከተማ፣ በ1823 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተቋቋመው ሪሼንግቻንግ የተባለ ቤት አንድ ነጋዴ ብሩን በአንድ ከተማ አስረክቦ በሌላው ከተማ በወረቀት እንዲቀበል ያደርግ ነበር። እኛ ዘንድ እምነቱ ነበር፤ ነጋዴ ለነጋዴ በቃል ብቻ ዕቃ ያበድር ነበር። እምነቱን ተቋም የሚያደርግ ሰላም ግን አልተገኘም።

ይህን ሥራ ማን ይሠራ ነበር? አብላጫውን ጀበርቲ፣ ማለትም ሙስሊም ኢትዮጵያውያን። ምክንያቱ ከመሬት ይጀምራል። በክርስቲያኑ ደጋ ሰው የሚከበረው በርስቱ ነው፤ ሙስሊሙ ርስት እንዳይኖረው ስለተከለከለ አገር እንደሌለው ይቆጠር ነበር። በተወለደበት አፈር አገር የለህም መባል ምን ያህል ግፍ እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያሻም። እርሻ የተነፈገው ሰው ሸማ ሠራ፣ ነገደ። በ1660 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው ይኑሩ ሲል ወሰነ፤ የጎንደሩ የእስላም ሰፈር፣ በኋላ አዲስ ዓለም የተባለው፣ በዚህ ተለይቶ ቆመ። ጎንደርን የሚያበላውና የሚያለብሰው፣ ከምጽዋና ከመተማ ዕቃ የሚያስመጣው ያ ሰፈር ነበር። በደቡብ በኩል ደግሞ ደሪጣ፣ ይፋግና ማኅደረ ማርያም ገበያዎች ሆነው ሰንሰለቱን አያያዙት፤ ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ይደረሳል፣ ከባሶም እናርያ። ወደ ላይ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅ ይወጣል። ባሪያም ይወጣል። ይህን መደበቅ አይገባም፤ የብዙው ታላቅ ነጋዴ ሀብት ከሰው ሽያጭ የተገኘ ነበር፤ ቀረጡን የሰበሰበው ክርስቲያን መኳንንትም ከዚያው በልቷል።

ለንግድ የነበረው ንቀት ከሙስሊሙም አልፎ ክርስቲያኑን ሻጭ ያገኘው ነበር። የአፄ ቴዎድሮስን የልጅነት ታሪክ የማያውቅ የለም። እናታቸው እመት አትጠገብ ከችግር የተነሳ ኮሶ ሸጠዋል ተባለ፤ ይህም ለጠላቶቻቸው ስድብ ሆኖ እስከ ዙፋን ተከተላቸው። የእቴጌ መነን ሹም ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ ተማረከ፤ ካሳም፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ያን ቀን ኮሶውን አስጠጡት። ታሪኩን የምንነግረው ስለ ካሳ ቁጣ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ስድቡ ስድብ መሆኑ ነው። ልጇን ለማሳደግ ገበያ የወጣች ሴት ለምን ታሳፍራለች? የካሳ መልስ ራሱ ስድቡን አልሻረውም፤ በሰዳቢው ላይ መለሰው እንጂ።

ቻይናም ከዚህ የተሻለ አልነበረም፤ ቢያንስ በመጽሐፍ። የጥንቶቹ ሊቃውንት ሕዝቡን በአራት ደረጃ አስቀመጡት፤ ምሁር፣ ገበሬ፣ ባለ እጅ፣ መጨረሻ ነጋዴ። ገበሬው ያበቅላል፣ ባለ እጁ ይሠራል፤ ነጋዴው ግን የሌላውን ድካም ያዘዋውራል ተባለ። የሃን ሥርወ መንግሥት መሥራች ጋኦዙ ነጋዴ ሐር እንዳይለብስ፣ በሠረገላ እንዳይሄድ ከለከለ። ነገር ግን ከእሱ በፊት ሉ ቡዌይ የሚባል ነጋዴ በመያዣነት የተቀመጠ ልዑል አግኝቶ፣ ገንዘቡን በልዑሉ ላይ አፍስሶ፣ ልዑሉ ሲነግሥ የቺን መንግሥት ዋና አማካሪ ሆኖ ነበር። ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየንም በታሪኩ ውስጥ ለባለጸጎች አንድ ሙሉ ክፍል ሰጣቸው፤ ሰው ወደ ትርፍ መሄዱ ተፈጥሮው ነው ብሎ ሳያፍር ተሟገተላቸው። በዘመኑ ድፍረት ነው።

እዚያም መንግሥቱ ጨውን አየ። ንጉሠ ነገሥት ዉ ለጦርነቱ ገንዘብ ሲያጥረው ጨውና ብረትን የመንግሥት አደረገ፤ በ81 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሊቃውንትና ሹማምንት መንግሥት ከሕዝቡ ጋር ትርፍ መሻማት ይገባዋልን ብለው በቤተ መንግሥት ተከራከሩ። ክርክሩ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ዛሬም ሲያነቡት ያልበረደ ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በቺንግ ዘመን የጨው ፈቃድ የያዙት የያንግዡ ነጋዴዎች ከአገሩ ሁሉ የናጠጡ ሆኑ። አትክልት ቦታ ሠሩ፣ ሠዓሊና ባለቅኔ ቀለቡ፣ ልጆቻቸውን ለመንግሥት ፈተና አስጠኑ። በእኔ ግምት ትልቁ ልዩነት እዚህ ጋር ነው። የቻይናው ነጋዴ ልጁን በትምህርት ወደ ላይ የሚያወጣበት መሰላል ነበረው፤ አያቱ ጨው ሻጭ የሆነ ሰው ፈተናውን ካለፈ ዳኛ ይሆናል። ደሪጣ ያለው ጀበርቲ እንዲህ ያለ መሰላል አልነበረውም። ክርስቲያኑ ነጋዴ እንኳ ቢበለጽግ መሬት ገዝቶ፣ ለደብሩ ሰጥቶ፣ ደግሶ አብልቶ ነበር ወደ ጌታ ወገን የሚጠጋው።

ይህ ማለት ነጋዴው ከቤተ መንግሥት ርቆ ነበር ማለት አይደለም። ነገሥታቱ ወደ ውጭ ሰው ሲልኩ የሚተማመኑት በነጋዴ ነበር፤ ቋንቋ ያውቃል፣ መንገድ ያውቃል፣ የሚያበድረው ወዳጅ በየወደቡ አለው። ኮጃ ሙራድ የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ለሦስት ነገሥታት ወደ ሕንድና እስከ ባታቪያ ድረስ፣ ማለት እስከ ዛሬዋ ጃካርታ፣ መልእክት አድርሷል። አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ሐኪም ሲያስፈልጋቸው ካይሮ ሄዶ ፈረንሳዊውን ፖንሴን ይዞ የመጣውም ሐጂ ዓሊ የሚባል ነጋዴ ነው። ንጉሡን የሚያድነውን መድኃኒት ይዘህ ና ተብሎ የታመነ ሰው፣ ከተማ ሲመለስ ግን ወደ ተለየው ሰፈሩ ነው የሚወርደው።

ዘመነ መሳፍንት ሲመጣ ነገሩ ከፋ። በየወንዙ፣ በየአፋፉ፣ በየገበያው መግቢያ ኬላ ተተከለ፤ የየአካባቢው ሹም ለራሱ ይቀርጣል። ከጎንደር ባሶ የሚሄድ ነጋዴ ጭነቱን ስንት ጊዜ ፈትቶ ስንት ጊዜ እንደሚጭን አስቡት፤ አንድ የአህያ ጭነት መጫኛው ላልቶ፣ ስልቻው ተገልጦ፣ ተቆጥሮ፣ እንደገና እስኪጠብቅ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ሰዉ ብቻውን አይደፍርም፤ ነጋዴዎቹ ተጠባብቀው በቅፍለት ይጓዛሉ፣ ከመሐላቸው አንድ አለቃ ይሰይማሉ፣ ከሹሙ ጋር የሚከራከረው እሱ ነው። ነጋድራስ የሚባለው ሹመት ሥሩ እዚህ ነው። በመጀመሪያ የነጋዴው አፍ ነበር። በኋላ ግን ራሶቹ ወይም ደጃዝማቾቹ ኬላውን በቁርጥ ገንዘብ ያስረክቡትና የቀረጥ ሰብሳቢ ያደርጉታል። በነጋዴው ወገን ቆሞ የነበረው ሰው ዞሮ ኬላው ላይ ቆመ። ከነጋዴዎች ሁሉ ብልሁና ባለጸጋው እንዲህ እየተመረጠ ሲወሰድ የቀሩት አፍ አጡ። ቻይና ውስጥ የአንድ አውራጃ ነጋዴዎች በየከተማው የጋራ አዳራሽ ሠርተው፣ ወገናቸውን እየረዱ፣ ሚዛን እየወሰኑ ሲኖሩ፣ እዚህ የነጋዴ ማኅበር ገና ሳይጸና በሹመት ይበላ ነበር።

አፄ ቴዎድሮስ ሲነግሡ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ የኬላውንም ብዛት ቀነሱ። ለንግድ ከዚያ የበለጠ ወዳጅነት በዚያ ዘመን አልታየም። ነገር ግን ሠራዊቱ ቀለብ ሲያጣ ቤጌምድር ተዘረፈ፣ በ1850ዎቹ መጨረሻ ጎንደርም ተበዘበዘች። ቀጥሎ በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሞች ክርስትና ይነሱ ብሎ ሲወስን ብዙ ነጋዴ ጓዙን ሰብስቦ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሻገረ። ለቤጌምድር ንግድ ከሽፍታም ከኬላም የበረታው ምት ይህ ይመስለኛል። የሄደው ሰው ከነወረቱ፣ ከነዕውቀቱ፣ ከነወዳጆቹ ነው የሄደው። በ1880 ዓ.ም. መሐዲስቶች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደግሞ የቀረው ተበተነ።

ማዕከሉ ወደ ሸዋ ዞረ። ባቡሩ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ፣ በኋላም ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ጎንደርን ያበለጸገው መስመር የዳር መንገድ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ የነጋድራስነት ሹመት ጣሪያውን ነካ። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል የአዲስ አበባን ቀረጥ ይዘው፣ በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በልጅ ኢያሱ ዘመንም ቢትወደድ ተብለው ከሹማምንቱ ቀዳሚ ነበሩ። ገበያውን የያዘ ሰው ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚነጋገረው ሰውም ሆነ። ይህ ከፍ ማለት የሚያኮራ ነው፤ መንገዱ ግን ያው ቀረጥ ነው።

የተለየ ሐሳብ የመጣው ከጸሐፊዎቹ ነው። ዘጌ የተወለደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ባሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ተማርኮ ዋጋ የተቆረጠበትን የጦር አለቃ የሚያስለቅቀው አንድ ነጋዴ ነው፤ ገንዘቡን ሰጥቶ ምስጋና ሳይጠብቅ ይሄዳል። የአለቃው ልጅ ዋሕድ ያን ነጋዴ ፍለጋ ሲወጣ ነው ታሪኩ የሚንቀሳቀሰው። የአማርኛ ልብ ወለድ ሲጀመር መኳንንቱ ለነጋዴ ባለዕዳ ሆኖ መቅረቡ ቀላል ነገር አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የአገር ኃይል በጦር ሳይሆን በሥራና በልውውጥ እንደሚቆም አስተማረ። ሁለቱም በየጊዜያቸው የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነዋል፤ ስለ ንግድ የጻፉት ሰዎች በኬላው ወንበርም ተቀምጠዋል።

የአገር ውስጥ ኬላ በራስ ተፈሪ፣ በኋላም በንጉሠ ነገሥትነታቸው ዘመን ደረጃ በደረጃ ተነሳ። ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ግን መኪና ቶሎ አልደረሰም። ታች ጋይንት ዐርብ ገበያ፣ ስማዳ ወገዳ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ የሚቆመው ገበያ በአህያና በሰው ትከሻ ነበር የሚሠራው። ስማዳ ደቡቡ ወደ ዓባይና በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከቆላው ማሽላ ጭኖ ደጋ መውጣት የሰውንም የእንስሳንም ጉልበት የሚፈትሽ ነው። ደጋ ገብስና በግ፣ ቆላ ማሽላና ጤፍ፤ ሁለቱን ያገናኘው አነስተኛው አትራፊ ነው። በ1967 ዓ.ም. የየካቲቱ አዋጅ መሬትን ለአራሹ ሲያደርግ ሙስሊሙ ነጋዴም እንደ ማንኛውም ገበሬ መሬት አገኘ። ለዘመናት የቆየውን ግፍ አንድ አዋጅ ሲሽረው ማየት ታላቅ ነገር ነው፤ የዚያን ሥርዓት ሌላውን ሥራ ስንነቅፍ ይህን መርሳት አይገባንም።

ነቀፌታው ግን አለ። ያው መንግሥት እህል ነጋዴውን በዝባዥ ብሎ ፈረጀው። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቁሞ ገበሬው ኮታውን በተቆረጠለት ዋጋ እንዲያስረክብ ተደረገ። በጎጃምና በአርሲ የግል እህል ንግድ ታገደ፤ በሌላውም ክፍለ ሀገር ነጋዴው ከገዛው ላይ ለድርጅቱ መስጠት ግድ ሆነበት። መንገድ ላይ ኬላ ተመለሰ። የቻይና መንገድ ተሠርቶ ባለቀበት ሰሞን፣ ትርፍ እህል ካለበት ጎጃም የተነሳ ኩንታል ወደ ተራበው ምሥራቅ እንዳያልፍ ይፈተሽ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ከጋይንት በስተሰሜን በእብናት መጠለያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ረሃብተኛ ተሰብስቦ፣ ሚያዝያ ላይ በወታደር ተገዶ ሲበተን፣ ገበያው ነጻ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ከቤቱ ሳይወጣ ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሁሉም ይተርፍ ነበር አልልም። አማርትያ ሰን የ1965ቱን የወሎ ረሃብ መርምሮ እንዳሳየው፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል ሳይንር ሰው ያለቀው መግዣ ስላጣ ነው። ከብቱ የሞተበት ገበሬ ፊት ነጋዴ ጆንያውን ዘርግቶ ቢቀመጥ ምን ይረባዋል? ትርፍ ወዳለበት የሚሄድ ሰው ብር ወደሌለበት ገበያ አይሄድም። ስለዚህ ሁለት ነገር አብሮ ያስፈልጋል፤ የተራበው እጅ ላይ ገንዘብ፣ በመንገዱ ላይ ክፍት በር።

የእህል ንግድ በ1982 ዓ.ም. ነጻ ወጣ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት በተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ገቡ። ፕሮግራሙ ቀድሞ በአብዛኛው በእህል ይደረግ የነበረውን እርዳታ በከፊል ወደ ጥሬ ገንዘብ ሲለውጠው፣ ብዙም ያልተነገረለት ነገር ሆነ፤ የአንድ ቤተሰብ የክረምት ቀለብ በነጋዴው መምጣትና አለመምጣት ላይ ወደቀ። ሴትዮዋ የማኅበረሰብ ሥራ ሠርታ ብሯን ተቀብላ ዐርብ ገበያ ስትወርድ፣ ከአይሱዙ የጭነት መኪና ላይ የወረደ በቆሎ ካላገኘች ወረቀት ይዛ ነው የምትመለሰው። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ ሱቆች ሲዘረፉ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ የተጎዳው ባለሱቁ ብቻ አይደለም። አሽከርካሪው በየፍተሻው የሚከፍለው፣ የሚያድርበት ሌሊት፣ የሚቃጠልበት ነዳጅ ሁሉ በስተመጨረሻ በጣሳ ዋጋ ላይ ይጨመራል፤ ከፋዩም ጣሳዋን ይዛ የቆመችው ሴት ናት። ስለ ነጋዴ ስግብግብነት በየጊዜው የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ይህን ወጪ አንድ በአንድ ቆጥሮ አያውቅም፤ ቆጥሮ ቢያውቅ ኖሮ ከነጋዴው በፊት የሚጠየቅ ብዙ ሰው ይገኝ ነበር።